የሻገተ እህል፦ አሞኒያ፣ ኖራ፣ ሸክላ አፈር ወይስ ሰፌድ?

አክስቴ ቆቦ ናት። ባለፈው ኅዳር ደወለችልኝ። ማሽላው ታጭዶ ተከምሮ ሳለ ያልታሰበ ዝናብ ወረደበት። ሸራ አልነበራትም። ክምሩ ውስጥ ውስጡን ሞቀ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ እጅ ሲገባበት እምክ እምክ ይሸት ጀመር። «አንተ ልጅ፣ ደሴ ተቀምጠህ ኢንተርኔት ስታገላብጥ ነው የምትውለው። ምን መድኃኒት ልርጭበት?» አለችኝ። ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ «ሁሉን የሚያጠፋ» ዱቄት አሳይቷት ነበር። ለመግዛት ጥቂት ነው የቀራት።

«እሱን አትግዢ፣ ለሌላው አብሽሪ፣ አጣርቼ እደውላለሁ» አልኳት። ከዚያ አማራጮቹን አንድ በአንድ ሳመዛዝን ሰነበትኩ። እሷ የጠየቀችውን በየዓመቱ የሚጠይቅ ብዙ ሰው ስላለ እዚህ ጻፍኩት።

ሻጋታው ሌላ፣ መርዙ ሌላ

መጀመሪያ ይህ ካልተለየ ሁሉም ነገር ይምታታል። ሻጋታ ሕይወት ያለው ነገር ነው። በፀሐይም በኬሚካልም ይሞታል። መርዙ ግን ሻጋታው እህሉ ውስጥ ትቶት የሚሄደው ነገር ነው። እባቡን ስለገደልከው የነከሰህ መርዝ ከደምህ አይወጣም። ይኼም እንደዚያው ነው።

ከእነዚህ መርዞች ዋናው አፍላቶክሲን ነው። የታወቀው በፈረንጆች 1960 እንግሊዝ አገር ነው። ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ባንድ ጊዜ አለቁ። ምክንያቱ ሲፈለግ ከብራዚል የመጣ፣ ይህ መርዝ ያለበት የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። መርዙ ጉበትን ይጎዳል፣ ሲቆይ የጉበት ካንሰር ያመጣል። ብዛት ካለው ደግሞ ቶሎም ይገድላል፦ በ2004 ኬንያ ውስጥ የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። የሚያመርተው ሻጋታ ሙቀትና ድርቅ ይወዳል። ማሳ ላይ ውሃ የጠማው ማሽላና በቆሎ ይመቸዋል። ቆቦን፣ ከሚሴን፣ ባቲን አስቡ።

መጠኑ ደግሞ ለዓይን የሚሆን አይደለም። አሜሪካ ለሰው ምግብ የምትፈቅደው ጣሪያ በአንድ ኪሎ 20 ማይክሮግራም ነው። በእኛ ስሌት በ1,000 ኩንታል ማሽላ ውስጥ 2 ግራም ማለት ነው። አውሮፓ በቀጥታ ለሚበላ እህል 4 ማይክሮግራም ነው የሚለው። ስለዚህ «አየሁት፣ ንጹሕ ነው» የሚባለው ብዙም አያዋጣም። በተቃራኒውም የጠቆረ ማሽላ ሁሉ አፍላቶክሲን አለበት ማለት አይደለም። ማሽላ ዝናብ ሲያገኘው የሚያጠቁሩት ሻጋታዎች ብዙ ናቸው። ቁርጡ የሚታወቀው ሲመረመር ነው።

ማፍላትስ? አፍላቶክሲን የሚፈርሰው ከ230 ዲግሪ በላይ ነው። ንፍሮ ከ100 በላይ አይሞቅም። ምጣዱ ቢግልም እንጀራው ውስጡ ውሃ ስላለ ከ100 ብዙ አይዘልም። ቆሎ መቁላት ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን አያጸዳም።

«ለጠላ ይሁን» የሚባለውም አለ። በየቤቱ የተበላሸ እህል መጨረሻው ጋን ውስጥ ነው። መርዙ ግን በመጥመቅ አይጠፋም፣ ጠላው ውስጥ አብሮ ይገባል። አረቄ ሲወጣ ከእንፋሎቱ ጋር አይወጣም፣ እታች ይቀራል። እታች የቀረው አተላ ለማን ይሰጣል? ለላሟ። ላሟስ ለማን ታልባለች? ለልጁ። ይህን ዙር ሳስበው ነው መቼም የደነገጥኩት።

ነጋዴው ያሳያት ዱቄት ምን እንደሆነ አላውቅም። ገበያ ላይ የሚሸጠው አብዛኛው የነቀዝ መድኃኒት ነው። የነቀዝ ክኒን የሚባለው ደግሞ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ነቀዝ ይገድላል። መኝታ ቤት ውስጥ ከተቀመጠ ሰውም ይገድላል። አፍላቶክሲንን ግን አይነካውም። እንግዲህ እህሉ ላይ ሁለተኛ መርዝ መጨመር ነው የሚሆነው።

ማን ነው የሚበላው?

አማራጮቹን ያገላበጥኩት «የቱ ኬሚካል ይሻላል?» ብዬ ነበር። ሁለት ቀን ከፈጀሁ በኋላ ጥያቄው እሱ እንዳልሆነ ገባኝ። የሚቀድመው «እህሉን የሚበላው ማን ነው?» ነው። ሰው ከሆነ አብዛኛው ኬሚካል ወዲያው ይወድቃል። የአውሮፓ ኅብረት ለሰው የሚቀርብ እህል በኬሚካል መርዙ እንዲወገድለት ጭራሽ አይፈቅድም። የምትታለብ ላም ከሆነች መልሱ ሌላ ነው። የሚደልብ በሬ ከሆነ ደግሞ ሌላ። አሜሪካኖች ለወተት ላም 20 ማይክሮግራም፣ ሊታረድ ለደረሰ ድልብ በሬ ግን በቆሎ ላይ እስከ 300 ይፈቅዳሉ። ዳክዬ ከሁሉም ቶሎ ይወድቃል፣ ጫጩትም ይጎዳል። «ለዶሮ በትነው» የሚለው ምክር ስለዚህ ጥሩ ምክር አይደለም።

አሞኒያ

ከኬሚካሎቹ ሁሉ ጉልበተኛው ይህ ነው። በደንብ ከተሠራ ከ95 እስከ 99 በመቶ የሚሆነውን አፍላቶክሲን ያጠፋል። የመርዙ ሞለኪውል ላክቶን የሚባል ቀለበት አለው። አሞኒያው ይህን ቀለበት ይከፍተዋል። ሙቀቱና ጊዜው በቂ ከሆነ የተከፈተው ይፈራርሳል። በቂ ካልሆነ ግን ቀለበቱ ተመልሶ ሊገጥም ይችላል። ሥራው ጥንቃቄ የሚፈልገው ለዚህ ነው።

ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የፋብሪካ ነው። እህሉ ወይም ፋጉሎው ግፊት በሚችል ጋን ውስጥ ይገባል። ከ80 እስከ 120 ዲግሪ ይሞቃል። ከ0.5 እስከ 2 በመቶ አሞኒያ ይሰጠዋል። ከ20 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ያልቃል። ሁለተኛው ሳይሞቅ የሚሠራ ነው። አሞኒያው እስከ 5 በመቶ ይደርሳል፣ እህሉ በፕላስቲክ ታፍኖ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። የአሪዞና ገበሬዎች የጥጥ ፍሬ እንዲህ አድርገው ለከብት ያበላሉ። ፈረንሳይና ሴኔጋል ደግሞ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ላይ ተጠቅመውበታል።

ልብ በሉ፣ ሁሉም የከብት መኖ ነው። ለሰው ምግብ አይደለም። ለሰው ይሆናል እንኳ ቢባል ማን ይበላዋል? ቡናማ ይሆናል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል።

እዚህ ላይ ወሎ ውስጥ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የግብርና ባለሙያዎች ጭድ በዩሪያ ማከም አስተምረውናል። ዩሪያ በውሃ ይበጠበጣል፣ ጭዱ ላይ ይረጫል፣ ጉድጓድ ውስጥ ታፍኖ 3 ሳምንት ያህል ይቆያል። እዚያ ውስጥ የሚሠራው አሞኒያ ነው፣ ከዩሪያው የሚወጣ። ስለዚህ «ማሽላውንም እንደ ጭዱ ላድርገው?» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይገርምም። አክስቴም ጠይቃኛለች። መልሴ አይሆንም ነው። ጭዱ የሚታከመው ላም እንድትፈጨው ነው እንጂ መርዝ እንዲወጣለት አይደለም። ምን ያህል አሞኒያ እንደወጣ፣ ምን ያህል መርዝ እንደቀረ የሚለካ ሰው የለም። ያልተለወጠ ዩሪያ ከቀረበት ደግሞ ከብቱን ራሱን ይመርዛል። ንጹሕ የአሞኒያ ጋዝማ ዓይን ያጠፋል፣ ሳንባ ያቃጥላል፣ ተዘግቶ ሲጠራቀም ይፈነዳል። ይህ የጓሮ ሥራ አይደለም።

የእኔ አስተያየት፦ ኮምቦልቻ ውስጥ ትልቅ የመኖ ፋብሪካ ያለው ሰው፣ መሣሪያና ላቦራቶሪ ካለው፣ ያስብበት። አንድ ገበሬ ወይም አንድ ወፍጮ ቤት ግን ይተወው።

ኖራ

ኖራ ልቤን ቀልቦት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ሜክሲኮዎች በቆሎ 1 በመቶ ገደማ ኖራ ባለበት ውሃ ይቀቅላሉ። ሌሊቱን ያሳድሩታል፣ ውሃውን ይደፉታል፣ ደህና አድርገው ያጥቡታል፣ ከዚያ ይፈጩታል። ንፍሮ ከማዘጋጀት ብዙም አይርቅም። ለሺህ ዓመታት የተበላ ስለሆነ ለሰው ይሆናል። የአፍላቶክሲን መጠንም ይቀንሳል። ፉሞኒሲን የሚባለውን ሌላውን የበቆሎ መርዝም ውሃው ይዞት ይሄዳል።

ታዲያ ምን ጎደለው? ኖራውም እንደ አሞኒያው ቀለበቱን ይከፍታል። ግን ብዙውን ጊዜ እዚያው ላይ ይቆማል። አሲድ ሲያገኘው ከፊሉ ተመልሶ ይዘጋል፣ መርዙም ይመለሳል። ሆዳችን ደግሞ አሲድ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ጠፍቷል የተባለው ሁሉ ሆድ ውስጥ ጠፍቶ አይቀርም ማለት ነው። ሊጡ ከመጋገሩ በፊት የሚኮመጥጥበት አገር ሰው ይህን ሁለት ጊዜ ቢያስበው አይከፋም።

ኖራውስ ከየት ይመጣል? ግድግዳ የሚቀባው ወይም አሲዳማ መሬት ላይ የሚበተነው ለምግብ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ውስጡ ምን ምን እንዳለ ማንም አይቆጣጠረውም። ለምግብ የተዘጋጀ ኖራ ያገኘ ሰው፣ ደህና በሆነ በቆሎ ላይ እንደ ተጨማሪ ጥንቃቄ ቢጠቀም አልቃወምም። የሻገተን ለማዳን ግን አይሆንም። ለማሽላ እንጀራ ደግሞ ጭራሽ አይመችም።

ሌሎቹ ባጭሩ

ኦዞን ጋዝ ነው፣ በኤሌክትሪክ ማሽን የሚሠራ። ቢ1 የሚባለውን ዋናውን አፍላቶክሲን ይሰብራል፣ ቢ2 የሚባለውን ግን ያን ያህል አይደፍረውም። ውጤቱ በእህሉ እርጥበትና በጋዙ መጠን ይለያያል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ምን ልበል።

ሶዲየም ባይሰልፋይት መኖ ላይ ይሠራል፣ ለእኛ ሩቅ ነው። ሎሚ ወይም ሲትሪክ አሲድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ውጤት አለው፣ ግን እንጀራው የሚችለው መጠን አይደለም። በረኪና አፍላቶክሲንን በእርግጥም ያጠፋል። የላቦራቶሪ ሰዎች ዕቃቸውን የሚያጥቡት በሱ ነው። ዕቃቸውን ነው ያልኩት። እህል በበረኪና የሚያጥብ ሰው ካጋጠማችሁ አስቁሙት።

ለላሟ ግን አፈር አለ

ይህኛው ከኬሚካሎቹ ይለያል። መርዙን አያፈርሰውም፣ ይዞት ይወጣል። ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ አፈር ነው። እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ነው። አፍላቶክሲን ጠፍጣፋ ስለሆነ በገጾቹ መሐል ገብቶ ይጣበቃል። ከዚያ በአንጀት አልፎ ከፋንድያው ጋር ይወጣል። የአውሮፓ ኅብረት በ2013 ለከብት፣ ለዶሮና ለአሳማ መኖ ፈቅዶታል። ከፍተኛው መጠን በአንድ ኪሎ መኖ 20 ግራም ነው።

ለወተት ላም ነገሩ አጣዳፊ ነው። የበላችው አፍላቶክሲን ከፊሉ መልኩን ቀይሮ በአንድ ቀን ውስጥ ወተቷ ላይ ይታያል። ወተቱን ማፍላት አይፈይድም። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና ወስዶ ነበር። በአውሮፓው ልክ ንጹሕ ሊባሉ የሚችሉት 9 ብቻ ነበሩ። ዋናው ተጠርጣሪ የኑግ ፋጉሎ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ዙሪያ ላም የሚያረባ ሁሉ የሚገዛው እሱኑ ነው። ደግነቱ መኖው ሲቀየር ወተቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠራል።

ቤንቶናይት አጎራባችን አፋር፣ ገዋኔ አካባቢ በብዛት አለ። ይህ ማለት ግን ሄዶ መቆፈር አይደለም። ከመሬት የወጣ አፈር ሁሉ ንጹሕ አይደለም። በ1997 አሜሪካ ውስጥ መኖ ላይ የተጨመረ ሸክላ አፈር ዳይኦክሲን የሚባል ሌላ መርዝ ኖሮት ዶሮዎችን በክሏል። ተመርምሮ፣ ለመኖ ተብሎ የታሸገው ብቻ ነው የሚሆነው። እሱም ቢሆን ለአፍላቶክሲን ነው። ፉሞኒሲን ላይ ብዙም አቅም የለውም። መርዙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፣ ስለዚህ በጣም የሻገተ ፋጉሎን ጥሩ አያደርገውም።

ሰፌድና ውሃ

አሁን ወደ ርካሹ። ካነበብኩት ሁሉ ያስገረመኝ ይህ ነው፦ መርዙ እህሉ ላይ እኩል አይሰራጭም። ብዙው የሚገኘው ጥቂት ፍሬዎች ላይ ነው። የተሰበረ፣ የተነቀዘ፣ የቀለለ፣ የጠቆረ፣ የጨረጨሰ ፍሬ ላይ። እነዚያ ከተለቀሙ ትልቁ ድርሻ አብሮ ይወጣል። በቆሎ ላይ ለቀማ ይሠራል። ማሽላ ግን ደቃቅ ነው፣ አንድ በአንድ ይለቀም ቢባል ዓመቱ ያልቃል። ማሽላ በነፋስና በሰፌድ ነው የሚለየው። ከዚያ ውሃ ውስጥ ሲገባ ቀላሉ ይንሳፈፋል፣ እሱ ተገፍፎ ይጣላል። የታጠበው ግን በዚያው ቀን ሸራ ላይ ሳስቶ መሰጣት አለበት። እርጥቡን መልሶ ማከማቸት ሥራውን እንደ አዲስ ለሻጋታው መስጠት ነው።

ወሎ ይህን ትምህርት በመከራ ነው ያየችው። በፈረንጆች 1977 እና 1978 ወሎ ውስጥ ሰዎች እጅና እግራቸው እየጠቆረ፣ እየደረቀ ወደቀ። ገብሱ ውስጥ የተቀላቀለው ሲናር ኧርጎት የሚባል የሻጋታ በሽታ ይዞት ነበር። ኧርጎት በፍሬው ቦታ ጥቁር፣ ቀንድ የመሰለ ነገር ያበቅላል። ደም ሥር ያኮማትራል። ወገል ጤናና ላስታ በኩል ለሚኖር ደገኛ ከአፍላቶክሲን ይልቅ የሚያሰጋው እንዲህ ያለው ነው። ለዚህ አሞኒያ አያስፈልግም። በአንድ ሊትር ውሃ ከ200 እስከ 300 ግራም ጨው የተበጠበጠበት ዕቃ በቂ ነው። ጥቁሩ ይንሳፈፋል፣ ገብሱ ይሰምጣል። ከዚያ ጨዉ እስኪለቅ ማጠብ፣ ማድረቅ። ጨው ውድ ነው የሚል ካለ መጀመሪያ ሲናሩን በወንፊት ያውጣ።

መድረቁን በምን እናውቃለን? ማሽላና በቆሎ ሲከማች እርጥበቱ 13 በመቶ ገደማ ቢሆን ይመረጣል። መለኪያ የሌለው ሰው ደረቅ ጠርሙስና ደረቅ ጨው ይበቃዋል። ጠርሙሱ ውስጥ እህል እስከ ሲሶው፣ ጥቂት ጨው ጨምሮ፣ ከድኖ መነቅነቅ። ሩብ ሰዓት ጠብቆ ማየት። ጨዉ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና ነው፣ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው። ካልተጣበቀ ከ15 በታች ወርዷል፣ ወደ 13 እንዲጠጋ ግን ትንሽ ፀሐይ ይጨመርለት። ደርቆ ከሆነ አየር በማያስገባ ከረጢት ሲታሸግ ነቀዙም ታፍኖ ይሞታል፣ ክኒኑም ይቀራል። ጉድጓድ የሚጠቀም ቆለኛ ወገናችን ደግሞ ሲከፍተው ይጠንቀቅ። ውስጡ የታፈነው አየር ሰው ይጥላል። ከፍቶ ማናፈስ፣ ቆይቶ መግባት፣ ብቻን አለመግባት።

አንድ መንገድ ብቻ ሳይነጻጸር መውደቅ አለበት፦ የሻገተውን ከደህናው ቀላቅሎ መሸጥ። ገበያ ላይ የማይሠራ አይደለም። አሜሪካም አውሮፓም በሕግ ከልክለዋል። እኛ ጋ ገዢው ጎረቤት ነው።

አክስቴ ምን አደረገች

መልሼ ደወልኩላት። ክምሩን በሦስት እንድትከፍለው ነገርኳት። መሐሉ፣ የሞቀውና የተጋገረው፣ ለማንም አይሁን፣ ይቀበር። እሷ በዚህ ተቆጣች። «እህል ይቀበራል ወይ?» አለችኝ። ለወሎ ሰው ይህን መናገር ቀላል አይደለም፣ እኔም ድምፄ ቀጠነ። ግን አልተመለስኩም። ቀጥሎ ያለው፣ በከፊል የጠቆረው፣ ለበሬው ብቻ፣ ከጭድና ከሌላ መኖ ጋር በጥቂቱ። ለላሟ አይሁን፣ ለዶሮ አይሁን፣ ለጠላም አይሁን። ላዩና ዳሩ፣ ዝናቡ ነክቶት ቶሎ የደረቀው፣ ይበጠር፣ ይታጠብ፣ ይሰጣ፣ በጠርሙስ ይፈተን። ከዚያ ለቤት።

ከሦስቱ መደቦች ትልቁ የመጨረሻው ሆነ። ያንን አልጠበቅኩም ነበር። የቀበረችው ሁለት ኩንታል አይሞላም። ለዱቄቱ ይዛው በነበረው ብር ላይ ትንሽ ጨምራ ሸራ ገዛች። ጥር ላይ ሄጄ ሳያት ሸራው ግቢው መሐል ተዘርግቶ በርበሬ ተሰጥቶበታል። የጨው ጠርሙሱም መስኮቱ ላይ አለ፣ ጎረቤት ተውሶት እስኪመልሰው ስትጨቃጨቅ ነው የደረስኩት።